«አዎ» ብቻ የሚል ባንክ

ገንዘብ በስልክ ስትልኩ መሀል ላይ ኔትወርክ የሚጠፋባትን ደቂቃ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ስልክ ቁጥሩን አስገብታችኋል፣ የሚስጥር ቁጥራችሁን ነክታችኋል፣ ክቧ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ዝም። ሄደ ወይስ አልሄደም? ድጋሚ ልላከው? ሁለቴ ቢቆረጥብኝስ?

አፑን የሠራው ሰው ይህንኑ ጥያቄ ከእናንተ በፊት መጠየቅ ነበረበት። «ባንኩ ብሩን አስተላልፎ፣ መልሱ እኛ ጋ ሳይደርስ መስመሩ ቢቋረጥ ፕሮግራማችን ምን ያደርጋል?» ብሎ። መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ መፈተሽም አለበት። እንዴት ይፈተሻል? እውነተኛ ብር እየላኩ፣ በየመሀሉ የኔትወርክ ማማ እያጠፉ አይሆንም። ስለዚህ ፕሮግራመሮች ለፍተሻ ብቻ የሚያገለግል የውሸት ባንክ ይሠራሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው፤ የውሸት ባንክ ሁለት ዓይነት አለው። ሁለቱም በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ያንኑ አረንጓዴ ምልክት ያሳያሉ። የምልክቱ ትርጉም ግን በጣም ይራራቃል። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ኮድ የምጽፈው በጎን ነው። ይሄ ክርክር የሳበኝም ውስጡ ሁለት የለመድኳቸውን ጥያቄዎች ስላገኘሁ ነው፤ ወጪውን ማን ይከፍላል? መረጃውስ ከየት መጣ?

ፈታኙ ፕሮግራም

መጀመሪያ ዩኒት ቴስት ምን እንደሆነ እንግባባ። የፕሮግራሙን አንድ ትንሽ ክፍል ለብቻው ነጥሎ የሚፈትን ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው። «ይህን ስሰጥህ ያንን ትመልሳለህ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ትክክል ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ ያበራል። ልማዱን በሰፊው ካስፋፉት መሣሪያዎች አንዱ ለጃቫ ቋንቋ የተሠራው ጄዩኒት ነው። ኬንት ቤክ እና ኤሪክ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ ነው የጀመሩት።

ዩኒት ቴስት የሚጠቅመው ፈጣን ሲሆን ነው። ፕሮግራመሩ አንድ መስመር በነካ ቁጥር በመቶ የሚቆጠሩ ቴስቶችን በሰከንዶች ውስጥ ማስኬድ መቻል አለበት። እውነተኛው ባንክ ለዚህ አይመችም። ቀርፋፋ ነው፤ አንዳንዴ «ሲስተም የለም» ይላል፤ ክፍያ ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «እስቲ አሁን ተበላሽልኝ» ብትሉት እሺ አይላችሁም።

በፊልም ላይ ተዋናዩ ከፎቅ ሲዘል ስታዩ ብዙ ጊዜ የዘለለው እሱ አይደለም፤ እሱን የሚመስል ሌላ ሰው ነው። ጄራርድ ሜሳሮስ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ ልምድ ተነስቶ፣ በቴስት ጊዜ እውነተኛውን ነገር ተክተው የሚሠሩትን ሁሉ «ቴስት ደብል» ብሎ ጠራቸው። በአምስት ዓይነትም ከፈላቸው። ክርክሩ የሚጦፈው ግን በሁለቱ ላይ ነው፤ ሞክ እና ፌክ።

በእኛ ሰፈር «ፌክ» ስድብ ነው። ፌክ ጫማ፣ ፌክ አካውንት፣ ፌክ ሰው እንላለን። በቴስት ዓለም ግን ቁም ነገረኛው እሱ ነው። ለምን መሰላችሁ?

አንድ ዕቁብ፣ ሁለት ባንክ

የዕቁብ አፕ እየሠራን ነው እንበል። በአንድ ዕቁብ ውስጥ አስር አባላት አሉ፤ እያንዳንዱ በወር 2,000 ብር ይጥላል፤ ዕጣ የደረሰው ሰው 20,000 ብር ይወስዳል። አፑ አምስት ዕቁቦችን ስለሚያስተናግድ በሂሳቡ ላይ 100,000 ብር አለ። በዚህ ወር የአንዱ ዕቁብ ዕጣ ለሰላም ወጥቷል። ብሩን ወደ ሰላም ሂሳብ የሚያስተላልፈውን የኮድ ክፍል መፈተን እንፈልጋለን።

ሞክ የሚናገረው ቃል ተጽፎ የተሰጠው ተዋናይ ነው። «20,000 ብር ለሰላም አስተላልፍ ሲሉህ ‹ተሳክቷል› በል» ትሉታላችሁ፤ እሱም ይላል። ሂሳብ የለውም፣ ቀሪ ገንዘብ አያውቅም፣ መደመርም መቀነስም አይችልም። ቴስቱ ሲያልቅ «ጠርተውሃል? ስንቴ? ምን ብለው?» ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ። የሰጣችሁት ቃልና የተጠራበት መንገድ ከገጠሙ አረንጓዴ ይበራል።

ይህን ስልት በስሙ ጠርተው ያስተዋወቁት ቲም ማኪነን፣ ስቲቭ ፍሪማን እና ፊሊፕ ክሬግ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በአንድ ጉባኤ ላይ ባቀረቡት ጽሑፍ። ዛሬ ሞክ መሥራት የሁለት መስመር ኮድ ጉዳይ ሆኗል። ጃቫ ላይ ሞኪቶ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ስሙ ሞሂቶ በተባለው መጠጥ ላይ የተቀለደ ቀልድ ነው። ፓይተን ደግሞ ከ3.3 ጀምሮ የሞክ መሣሪያውን ከራሱ ጋር ይዞት ይመጣል።

ፌክ ሌላ ነገር ነው። ትንሽ ይሁን እንጂ የሚሠራ ባንክ ነው። ሂሳቦቹን በኮምፒውተሩ ሚሞሪ ላይ ይይዛል። «20,000 አስተላልፍ» ስትሉት ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው ይደምራል። ብሩ ካልበቃ «አይበቃም» ይላል። ቅርንጫፍ የለው፣ ሰርቨር የለው፤ ቴስቱ ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል። መጨረሻ ላይ የምትጠይቁት ጥያቄም ይለያል፤ «ጠርተውሃል?» አትሉትም። «ሰላም ሂሳብ ላይ አሁን ስንት ብር አለ?» ትሉታላችሁ።

ማርቲን ፋውለር በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ ካብራሩት ሰዎች አንዱ ነው። አንደኛው ወገን ነገሩ የት እንደደረሰ ያያል፤ ሌላኛው ወገን በመንገድ ላይ ማን ማንን እንደጠራ ይቆጥራል።

መስመሩ ሲቋረጥ

አሁን ሁለቱን ባንኮች በዚያች ኔትወርክ በጠፋባት ደቂቃ እንፈትናቸው። ፕሮግራመሩ «መልስ ካልመጣ ድጋሚ ላክ» የሚል ኮድ ጽፏል። ሲሰሙት ምክንያታዊ ነው።

በሞክ ሲፈተን፣ «መጀመሪያ ሲጠሩህ ዝም በል፣ ሁለተኛ ሲጠሩህ ‹ተሳክቷል› በል» ይባላል። ቴስቱ ይሄዳል። ስንቴ ተጠራህ? ሁለቴ። ምን አልክ? «ተሳክቷል»። አረንጓዴ! ፕሮግራመሩ ላፕቶፑን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እውነተኛው ባንክ ላይ ግን ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ደርሷል፤ 20,000 ብሩም ተላልፏል፤ መንገድ ላይ የጠፋው መልሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ ሲመጣ ባንኩ እንደ አዲስ ይፈጽመዋል። ሰላም 40,000 ብር ደረሳት። ትርፉ 20,000 ብር ከየት መጣ? ዕጣቸውን ገና ከሚጠብቁ፣ ሰላምን ጨርሶ ከማያውቋት የሌላ ዕቁብ አባላት።

በፌክ ስንፈትነውስ? ፌኩ 100,000 ብር ይዞ ይጀምራል። «የመጀመሪያውን ትእዛዝ ፈጽም፤ መልሱን ግን አትላክ» እንለዋለን። ኮዳችን መልስ ሲያጣ ድጋሚ ይልካል። በመጨረሻ ሂሳቡን እንጠይቃለን። የዕቁቡ ሂሳብ 80,000፣ የሰላም 20,000 መሆን ነበረበት፤ ያገኘነው 60,000 እና 40,000 ነው። ቀይ! ስህተቱ የማንም ብር ሳይነካ፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተያዘ።

መፍትሔውም ብዙ አያስቸግርም። እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ መለያ ቁጥር ይኖረዋል፤ ድጋሚ ሲላክም በዚያው ቁጥር ይላካል። ይህን የሚደግፍ ባንክ ቁጥሩን ካየው «ይሄንንማ ፈጽሜዋለሁ» ብሎ የበፊቱን መልስ ይሰጣል እንጂ ብር አይነካም።

የሞክ ወዳጆች እዚህ ጋ የሚያነሱት ተቃውሞ አለ፣ እውነትም አለው። «በሞክም እኮ ሁለቱ ጥሪዎች አንድ ዓይነት ቁጥር መያዛቸውን ማረጋገጥ ይቻላል» ይላሉ። ይቻላል። ግን ያንን ለማረጋገጥ ባንኩ ተደጋጋሚ ትእዛዝ ሲመጣለት ምን እንደሚያደርግ ቀድማችሁ ማወቅ፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ቴስት ላይ ማስታወስ አለባችሁ። ፌኩም ቢሆን በራሱ ብልህ አይደለም። ያልተነገረውን አያውቅም፤ ትእዛዝ ተፈጽሞ መልስ ሊጠፋ እንደሚችል አንድ ሰው አስቦ አስተምሮታል። ጥቅሙ ይሄ ትምህርት አንዴ ከተሰጠ ለሁሉም ቴስት ማገልገሉ ነው። በሞክ ግን እያንዳንዱ ቴስት የራሱን ባንክ ከባዶ ይፈጥራል። ራሱ ጠያቂ፣ ራሱ መላሽ ይሆናል።

ቋሚ ወጪና ተለዋዋጭ ወጪ

ኢኮኖሚክስ አንደኛ ዓመት ላይ የሚማሩት ነገር እዚህ ጋ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፌክ ቋሚ ወጪ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለት ቀን ይበላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፍ እያንዳንዱ ቴስት ርካሽ ይሆናል። ሞክ ተለዋዋጭ ወጪ ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም አያስወጣም፤ ነገር ግን በየቴስቱ ትንሽ ትንሽ ትከፍሉበታላችሁ። ሦስት ቴስት ብቻ ካላችሁ ፌክ መሥራት ቅንጦት ሊሆን ይችላል። ሦስት መቶ ካላችሁ ግን ሞኩ ነው ውዱ።

በተለይ ደግሞ ኮድ ሲስተካከል። የዕቁብ አፓችን ለአስሩ አባላት ማስታወቂያ አስር ጊዜ ለየብቻ ይልክ ነበር እንበል። አንድ ቀን ፕሮግራመሩ «ለምን በአንዴ አልክም?» ብሎ አሻሻለው። አባላቱ የሚደርሳቸው ነገር ቅንጣት አልተለወጠም። «አስር ጊዜ ትጠራለህ» የተባለው ሞክ ግን አንዴ ብቻ ስለተጠራ ቀይ ያበራል። ስህተት የለም፤ ቴስቱ ግን ይጮኻል። የፌኩ ቴስት የሚጠይቀው «አስሩም ደርሷቸዋል?» ብሎ ስለሆነ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀጥላል።

ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ አይደለም። «ተኩላ መጣ» እያለ መንደሩን በከንቱ የሚያስሮጠውን እረኛ ታስታውሱታላችሁ። ቴስቶቹ በየሳምንቱ ያለ ምክንያት ቀይ የሚያበሩበት ፕሮግራመር ቀስ በቀስ ልማድ ያወጣል። ቀይ ሲያይ ኮዱን መመርመሩን ይተውና ቴስቱን አስተካክሎ አረንጓዴ ያደርገዋል። እውነተኛው ተኩላ የመጣ ቀን እጁ በልማድ ያንኑ ያደርጋል።

አሁን ደግሞ ኤአይ መጥቷል። «ለዚህ ኮድ ቴስት ጻፍልኝ» ስትሉት በደቂቃ ሃያ ቴስት ይደረድርላችኋል፤ ካልነገራችሁት ደግሞ ብዙዎቹን በሞክ ይሞላቸዋል። ሃያም አረንጓዴ ይሆናሉ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይሄ ነው፤ ላሞቹ ሃያ ናቸው፣ ወተቱ ግን የለም።

ማርስ ላይ የጠፋው መንኮራኩር

የሌላውን ወገን ባህርይ በግምት መያዝ ምን እንደሚያስከፍል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ ልንገራችሁ። የሞክ ታሪክ አይደለም፤ ሥሩ ግን ይመሳሰላል። ናሳ ወደ ማርስ የላከው ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 ፕላኔቷ ጋ እንደደረሰ ጠፋ። ምክንያቱ ሲጣራ የተገኘው የመለኪያ ልዩነት ነው። ሎክሂድ ማርቲን ያዘጋጀው ምድር ላይ ያለ ሶፍትዌር የግፊቱን መጠን በፓውንድ ሰከንድ ያወጣል፤ ቁጥሩን የሚቀበሉት የናሳ ባለሙያዎች ደግሞ በኒውተን ሰከንድ የተሰጠ አድርገው ይሠሩበታል። ልዩነቱ 4.45 እጥፍ ያህል ነው። ከማርስ ገጽ 226 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያልፋል የተባለው መንኮራኩር 57 ኪሎ ሜትር ድረስ ተጠግቶ አለቀለት።

ሁለቱም ወገኖች በየቤታቸው ስሌታቸው ልክ ነበር። የተሳሳተው ስለ ሌላው ወገን የያዙት ግምት ነው። ሞክ ስትጽፉም የምታደርጉት ይህንኑ ነው፤ ስለ ባንኩ ያላችሁን ግምት ትጽፉና ኮዳችሁን በግምታችሁ ትፈትናላችሁ። ግምቱ ከተሳሳተ ኮዱም ቴስቱም አብረው ይሳሳታሉ፤ ሁለቱ ግን እርስ በርስ ይስማማሉ።

ፌኩን ማን ይፈትነዋል?

«ፌኩም እኮ ግምት ነው» የሚል አንባቢ ካለ ትክክል ነው። ከእውነተኛው ባንክ ያልገጠመ ፌክ እንዲያውም ይብሳል፤ ሁሉም ስለሚያምነው። መድኃኒቱ ፌኩን ራሱን መፈተን ነው። የተወሰኑ ጥያቄዎች ትጽፋላችሁ፤ ብር ሳይበቃ ምን ትላለህ? አንድ ትእዛዝ ሁለቴ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ? የሌለ ሂሳብ ቢሰጥህስ? እነዚህኑ ጥያቄዎች ለፌኩም፣ ባንኩ ለሙከራ ለከፈተው ሲስተምም ታቀርባላችሁ። ለፌኩ በየደቂቃው፣ ለባንኩ የሙከራ ሲስተም ለምሳሌ በየሌሊቱ። መልሶቻቸው የተለያዩ ቀን ባንኩ አንድ ነገር ቀይሯል ማለት ነው፤ ደንበኛ ደውሎ ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። ሞክን እንዲህ ለማድረግ ያስቸግራል። ከየቴስቱ ጋር ተበታትኖ የተጻፈ ቃል ስለሆነ በአንድ ቦታ ቁጭ አድርጋችሁ የምትጠይቁት ነገር የላችሁም።

ሞክ ይጣል ወይ? አይጣልም። አንዳንዴ ጥሪው ራሱ ውጤቱ ነው። ለሰላም «ዕጣው ደርሶሻል» የሚል አጭር መልእክት አንዴ ብቻ መላክ አለበት፤ ክፍያው ካልተሳካ ደግሞ ጭራሽ መላክ የለበትም። እዚህ ላይ «ስንቴ ጠራህ?» ማለት ትክክለኛው ጥያቄ ነው። በዓመት አንዴ የሚያጋጥም እንግዳ ስህተት ለመፍጠርም ሞክ ፈጣን ነው። ስቲቭ ፍሪማን ከናት ፕራይስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ ሞክን በራሳችሁ ኮድ ክፍሎች መካከል ላለው ንግግር ተጠቀሙበት፤ የሌላ ሰው የሆነውንና መለወጥ የማትችሉትን ነገር ግን በሞክ አትተኩ ብለው ይመክራሉ። ስልቱን በስሙ ካስተዋወቁት አንዱ የሆነው ሰው ራሱ የባንኩን ሶፍትዌር በሞክ አትተኩ እያለ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የጉግል ባለሙያዎች መጽሐፍ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ያስቀምጣል። እውነተኛው ነገር ፈጣንና አስተማማኝ ከሆነ እሱን ተጠቀሙ፤ ካልሆነ ፌክ፤ ሞክ ከዚያ በኋላ። አንድ ቁም ነገርም ይጨምራል፤ ፌኩን መሥራትና መንከባከብ ያለበት የእውነተኛው ሲስተም ባለቤት ነው ይላል።

ለእኛ አገር የምትጠቅመው ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ናት። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021፣ ኤም-ፔሳ በ2023 ሥራ ጀምረው ብራችን ስልካችን ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ተጀምሮ ብዙ ወጣት በነፃ ኮድ እየተማረ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቱ እንኳን ክፍያ የሚቀበል አፕ ቢሠራ፣ እያንዳንዱ ልጅ ስለ አንዱ የክፍያ ሲስተም የየራሱን ግምት በየራሱ ሞክ ይጽፋል። መቶ አፕ፣ መቶ ግምት፣ አንድ ባንክ። ባለቤቱ አንድ ጥሩ ፌክ አዘጋጅቶ በነፃ ቢለቅ ግን ወጪው አንዴ ወጥቶ መቶው ይጠቀማል። የጋራ መንገድ እንደ መሥራት ነው፤ ለአንድ መንገደኛ አያዋጣም፣ ለሁሉም ግን ያዋጣል። የክፍያ ድርጅቶች ለፕሮግራመሮች ሰነድ ሲያወጡ ከሰነዱ ጎን ይህንንም ቢያስቡበት እላለሁ።

እስከዚያው ኮድ የምትጽፉ ልጆች ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። ገንዘብ ከሚነካው ኮዳችሁ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራ አንድ መስመር ምረጡ። ለምሳሌ ከሂሳብ ላይ የሚቀንሰውን፣ ወይም ብሩ ይበቃ እንደሆነ የሚያጣራውን። አጥፉትና ቴስቶቻችሁን አስኪዱ። ቀይ ካበራ፣ ቴስታችሁ ሥራውን እየሠራ ነው፤ መስመሩን መልሱትና ተኙ። መስመሩ ጠፍቶም ሁሉም አረንጓዴ ከሆነ ግን ያንን ቴስት ክፈቱና «አዎ» ያለው ማን እንደሆነ እዩ።